ጉልበቱ የታመመው ዳማ ፈረስ፦ ጃንሜዳ አጠገብ የታየ የክሌም ክርክር

ሜሪላንድ የሚኖሩ ሦስት ሐበሾች በሽርክና አንድ የውድድር ፈረስ ነበራቸው። ፈረሱ ጉልበቱን ታመመ። አንደኛው «ሳይባስበት ርካሽ ውድድር ውስጥ እናስገባውና ሌላ ሰው ይውሰደው» አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ክሌሚንግ በሚባለው ውድድር የገባ ፈረስ ለሽያጭ የቀረበ ነውና። ሁለተኛዋ «እያወቅኩ ሰው ላይ አላራግፍም» አለች። ሦስተኛው መሀል ቀረ። በስልክ ተጨቃጨቁ፣ ተኮራረፉ፣ ከዋትስአፕ ግሩፓቸውም ወጡ። በ2016 ዓ.ም. ለጥምቀት አዲስ አበባ ሲመጡ ቤተሰብ ይዞ ሽማግሌ ፊት አስቀመጣቸው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬ ለዚህ አይበቃም፤ የተጠራሁት የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ ነው። ሁለቱ ግን የምር ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ሌላው በጃንሆይ ጊዜ የክብር ዘበኛ ፈረሰኛ የነበሩ መቶ አለቃ። ባለጉዳዮቹን በሥራቸው እጠራቸዋለሁ፤ ስማቸው እንዳይወጣ ተስማምተናል። ርካሹን ውድድር የፈለገው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እምቢ ያለችው ነርስ ናት፤ እዚህም እዚያም ሲስተር ነው የሚሏት። መሀል የቀረው ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል።

የተቀመጥነው ስድስት ኪሎ፣ ከጃንሜዳ ብዙም በማይርቅ የሲስተር እናት ቤት ነው። ለነገሩ ቦታው ራሱ ነገር ያመጣል። ጃንሜዳ ዛሬ የምናውቀው በጥምቀትና በሩጫ ነው። በኮሮና ጊዜ ደግሞ አትክልት ተራ መጥቶበት ጎመንና ሽንኩርት አይተንበታል። በድሮው ዘመን ግን የፈረስ እሽቅድምድምና የፖሎ ሜዳ ነበር። መቶ አለቃ ይህን ሲያነሱ ፊታቸው ይበራል። እኔም ጉዳዩን ትተን የሳቸውን ወሬ ብንሰማ በወደድኩ።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ክርክሩ እንዲገባችሁ ክሌሚንግ የሚባለውን ውድድር ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ከሚካሄዱት የፈረስ ውድድሮች ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይሄ ነው። ውድድሩ ዋጋ ተቆርጦለታል፤ 10 ሺህ ዶላር እንበል። ፈረስህን እዚያ ውስጥ ካስገባህ በ10 ሺህ ዶላር ለሽያጭ አቅርበኸዋል ማለት ነው። ፈቃድ ያለውና ገንዘቡን ሜዳው ሒሳብ ክፍል ያስያዘ ባለፈረስ የክሌም፣ ማለትም የ«እወስደዋለሁ» ወረቀት ይሞላል፣ በፖስታ ያሽጋል፣ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ይህን የሚያደርገው በብዙ ሜዳዎች ውድድሩ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ገደማ እስኪቀረው ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከከተተ ዕጣ ይወጣል። ባለቤቱ «አልሸጥም» ማለት አይችልም።

ይሄ ሁሉ ለምን? ውድድሩ እንዲመጣጠን። 50 ሺህ የሚያወጣ ፈረስ ይዘህ ከ5 ሺዎቹ ጋር ብትገባ ሽልማቱን ትበላለህ፣ ፈረሱን ግን አንዱ በ5 ሺህ ይወስድብሃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ፈረሱን በልኩ ያስገባል። ዳኛ ሳያስፈልግ፣ ገማች ሳይቀጠር፣ ስግብግብነት ራሱ ስግብግብነትን ይጠብቃል። እኔ በበኩሌ ብልህ አሠራር ነው እላለሁ።

ችግሩ ያለው በሌላው ወገን ነው። ገዢው ፈረሱን መንካት አይችልም። ሲያለማምዱት ከሩቅ ያያል፣ ከውድድሩ በፊት ሲዞር ያያል፣ ያለፉ ውጤቶቹን ያነባል፤ በቃ። የማስጀመሪያው በር ተከፍቶ ፈረሶቹ ሲወጡ ባለቤትነቱ ይዛወራል። ቢያሸንፍ ሽልማቱ ለድሮው ባለቤት ነው፣ ፈረሱ ለአዲሱ። ቢሰበርም ድሮ ድሮ ስብራቱ የአዲሱ ነበር።

መቶ አለቃ ይህን ሲሰሙ አላመኑም። «ጥርሱን ሳያይ?» አሉ። «ኮቴውን ሳያነሳ? ሳያስሮጠው? ጉልበቱን በመዳፉ ሳይዳብስ?» ሹፌሩ ሳቅ አለ። «ሁሉም እንደዚያው ነው አባባ። እኛም ስንገዛው አልነካነውም።»

እውነቱን ነው። እነሱም ያገኙት በክሌም ነው። ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 2022 ሪች ስትራይክ የሚባል ፈረስ የኬንታኪ ደርቢ የተባለውን ታዋቂ የአሜሪካ ውድድር ሲያሸንፍ ነው። ያ ፈረስ መስከረም 2021 ቸርችል ዳውንስ በሚባለው ሜዳ በ30 ሺህ ዶላር ክሌም የተደረገ ነው። ደርቢው ላይ ቦታ ያገኘው እንኳ አንድ ፈረስ በዋዜማው ስለወጣ ነው። 80 ለ1 የተወራረዱበት፣ ያሸንፋል ተብሎ ያልታሰበ ፈረስ ከኋላ መጥቶ ሁሉን አልፎ 1.86 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ወጣ። ሹፌሩ ያን ውድድር ስንት ጊዜ ደጋግሞ እንዳየው እሱ ነው የሚያውቀው። ከዚያ በኋላ ሲስተርንና የፓርኪንጉን ሰው አሳመነ። በዓመቱ ፈቃድ አወጡ፣ አሠልጣኝ ያዙ፣ አንድ የአምስት ዓመት ዳማ ሰንጋ ፈረስ ላይ 10 ሺህ ዶላር አስያዙ። በዚያ ቀን ሳጥኑ ውስጥ የሦስት ሰው ወረቀት ነበር። ዕጣው የነሱ ሆነ። ሹፌሩ ስለቱን ለቅዱስ ሚካኤል አስገብቷል ይባላል፤ ይህን እኔ አላጣራሁም።

ፈረሱ አንድ ጊዜ አሸነፈላቸው፣ አንድ ጊዜ ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ የፊት ግራ ጉልበቱ መሞቅ ጀመረ።

ሲስተር ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ አሳየችን። ፈረሱ ከበረት ሲወጣ በእርጋታ ሲራመድ ብዙም አይታወቅም። ሶምሶማ ሲያስመቱት ግን ራሱን ይነቀንቃል። ለመቶ አለቃ ላስረዳ ስል ቀደሙኝ፦ «ግራው መሬት ሲነካ ራሱን ያነሳል፤ ሸክም እየሸሸ ነው።» ልክ ናቸው። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ ያመመው እግር ሲያርፍ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ደህናው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። በሁለተኛው ቪዲዮ የበረቱ ሠራተኛ ጉልበቱን አጥፎ ትንሽ ያቆየዋል፤ ፈረሱ እግሩን ይነጥቃል።

የፈረስ የፊት እግር ጉልበት የምንለው ነገር በሰው ቢሆን የእጅ አንጓ ነው። ትናንሽ አጥንቶች ተደራርበው የተሠራ መገጣጠሚያ ነው። ከ450 ኪሎ በላይ የሚመዝን እንስሳ በሙሉ ፍጥነት ሲጋልብ ያ አንጓ ላይ የሚያርፈውን ጫና አስቡት። የአጥንት ጠርዝ ተሰንጥሮ መገጣጠሚያው ውስጥ መቅረቱ በውድድር ፈረሶች የተለመደ ጉዳት ነው። ኮርቲዞን ቢወጋ እብጠቱም ሕመሙም ይቀንሳል። አጥንቱ ግን አይድንም። ፈረሱ ሕመሙን ስለማይሰማ እግሩን አይቆጥብም፣ እዚያው ላይ ይበረታበታል። ለዚህም ነው አሁን ያለው የአሜሪካ ደንብ መገጣጠሚያ ውስጥ የተወጋ ፈረስ ቢያንስ 14 ቀን ሳይሞላው እንዳይወዳደር የሚከለክለው።

የአሠልጣኙ ሐሳብ ይሄን ነበር የሚመስለው። ይወጋ፣ ቀኑ ይጠበቅ፣ ከዚያ በ5 ሺህ ዶላሩ ውድድር ይግባ። ከነዚያ ርካሾች ጋር ሽልማት ያገኛል፣ የሚወስደው ሰውም አይጠፋም። ከደንብ ውጭ የሆነ አንድም ነገር የለውም። ሹፌሩም የሚለው ይህንኑ ነው። «ሕግ አልጣስንም። የሚገዛው ሰው ሕፃን አይደለም። በቅርቡ ያሸነፈ ፈረስ በግማሽ ዋጋ ሲያይ ለምን ብሎ አይጠይቅም? ዋጋው ራሱ ይናገራል እኮ።»

ይህን ክርክር አልናቅኩትም። በክሌም ዓለም የዋጋ መውረድ መልእክት ነው። ግን መልእክቱ ሁለት ፊት አለው። አንዳንዱ ባለቤት ጤነኛ ፈረሱን ሆን ብሎ በርካሽ ያስገባል፤ ሌሎቹ «ታማሚ ነው» ብለው እንዲሸሹና እሱ ሽልማቱን እንዲበላ። ስለዚህ ገዢው ዋጋውን አይቶ እውነቱን አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ሰው እየቆመረበት መሆኑን ብቻ ነው።

የኛ ዳኛ ቀዝቀዝ ብለው ገቡ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ዕቃው ጉድለት እንደሌለበት ለገዢ ዋስ ነው፤ አውቆ ከደበቀማ የባሰ ነው። «እዚያ ግን ገዢው ወረቀቱን ሲሞላ ጉዳቱን ሁሉ ተቀብሎ ነው» አሉ። «ሕጉ ከተለየ በኛ ሕግ ልንፈርድባቸው አንችልም።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ዶክተር፣ ቅድም ድሮ ስብራቱ የገዢው ነበር ብለሃል። አሁንስ?»

አሁን ተቀይሯል። የተቀየረበትንም ምክንያት ነገርኳቸው። ኒው ዮርክ ውስጥ አኩዊደክት የሚባል ሜዳ አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 እዚያው ቁማር ቤት ተከፈተ፤ ከቁማሩ የሚመጣው ገንዘብ የውድድሩን ሽልማት አሳበጠው። የርካሽ ፈረስ ውድድር ሽልማት ከፈረሱ ዋጋ በጣም በለጠ። ሲበልጥ ምን ይሆናል? ባለቤቱ የታመመውን ፈረስ ቢያስገባ ሁለት ዕድል አለው፤ ወይ ሽልማት፣ ወይ ገዢ። ፈረሱን አሳርፎ ማከም ደግሞ ወጪ ብቻ ነው። ከኅዳር 30 ቀን 2011 እስከ መጋቢት 18 ቀን 2012 በፈረንጅ አቆጣጠር 21 ፈረሶች እዚያ ሜዳ ላይ አለቁ። ግዛቱ አጣሪ ቡድን አቋቋመ። ደንቡ ተቀየረና ፈረሱ ሜዳው ላይ ከሞተ ክሌሙ ይሰረዛል ተባለ። ሽልማቱም ከፈረሱ ዋጋ ጋር እንዲመጣጠን ገደብ ተደረገ።

ኋላም እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የፌዴራል ሕግ ለአገሪቱ አንድ የፈረስ ውድድር ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ደንቡ መሠረት ክሌም የተደረገ ፈረስ ቢሞት፣ በአምቡላንስ ከሜዳ ቢወጣ ወይም ከውድድሩ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም አይቶት እያነከሰ ቢያገኘው ክሌሙ ይፈርሳል። ፈረሱ ወደ ሻጩ ይመለሳል።

ሲስተር ይህን ስትሰማ ቀና አለች። «ይኸው! ቢያነክስ ተመልሶ የኛው ነው። የባሰ ተሰብሮ!»

ሹፌሩ አልተረታም። «ካላነከሰስ?»

የነገሩ መሀል እዚህ ነው። ደንቡ የሚይዘው በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የሚታየውን ነው። በመርፌ የተረጋጋ ጉልበት ያችን ሰዓት ሊያልፋት ይችላል። በሳምንቱ ያብጣል፤ ያን ጊዜ ፈረሱ የሌላ ሰው ነው። የሕክምና መዝገቡ ለአዲሱ አሠልጣኝ ይተላለፋል፤ የሚተላለፈው ግን ከተገዛ በኋላ ነው። ደንቡ የቱንም ያህል ቢጠብቅ በሚያውቅና በማያውቅ ሰው መካከል ያለውን ክፍተት አይዘጋም።

መቶ አለቃ ቀላል መፍትሔ ያገኙ መሰላቸው። «ለገዢው ንገሩት በቃ። ጉልበቱን ያመዋል በሉት። ከፈለገ ይግዛ።»

«ገዢው ማን እንደሆነ አይታወቅም አባባ። ፖስታው የታሸገ ነው።»

«እንግዲያስ ለሁሉም ንገሩ። በረቱ በር ላይ ጻፉበት።»

ሁላችንም ሳቅን፤ ግን የሚሳቅበት አልነበረም። ለሁሉም ብትናገር ማንም አይወስደውም። ያን ጊዜ ፈረስህን ያለ ስጋት ከርካሾች ጋር እያወዳደርክ ነው፣ ውድድሩን የሚያመጣጥነው ነገር ፈረሰ። ለአንዱ በሹክሹክታ «አትውሰደው» ብትል ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ ክሌም እንዳይደረግ መስማማትም ሆነ ሰውን መከልከል ደንቡ የሚቀጣው ነገር ነው። ሐቀኛ ሻጭ እውነቱን የሚናገርበት ቦታ አልተተወለትም።

እኔ የያዝኩት አቋም ከዚህ የመጣ ነው። የክሌም ሥነ ምግባር ያለው ፈረሱን በምታስመዘግብበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያንተ አፍ ተዘግቷል፣ የገዢውም እጅ ታስሯል። ለመወዳደር ጤነኛ ነው ብለህ የማታምነውን ፈረስ በ5 ሺህም በ50 ሺህም ማስገባት የለብህም። ጤነኛ ነው ግን ዘገምተኛ ነው ካልክ አስገባው፣ በርካሽ ይወሰድ፣ ማንም አይወቅስህም። ፍጥነቱ የቀነሰን ፈረስ ዋጋ ማውረድ ንግድ ነው። የታመመን ፈረስ ዋጋ አውርዶ ማሮጥ ግን በእንስሳው ብቻ ሳይሆን ላዩ ላይ በተቀመጠው ጋላቢም ሕይወት መጫወት ነው። ጋላቢውን በዚያ ሁሉ የስልክ ጭቅጭቅ ማንም አላነሳውም ነበር። ሳነሳው ሹፌሩ ዝም አለ፤ መኪና የሚነዳ ሰው ስለሆነ ሳይገባው አልቀረም።

ግን ሹፌሩን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳትስሉት። ከሦስቱ ብዙ ያወጣው እሱ ነው። አሠልጣኙ ለፈረሱ በየቀኑ ከ80 ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ሐኪምና ጫማ ሳይጨመር። ሌሊት እየነዳ ያገኘው ብር በሰንጋ ፈረስ አፍ ሲገባ ያያል። «እኔ ገበያ እንጂ የፈረስ ጡረታ ቤት አልከፈትኩም» አለ። ይህም እውነት ነው። ሲስተርም ብትሆን መፍትሔዋ «እናሳርፈው» እንጂ «እኔ እከፍላለሁ» አልነበረም። የሰው ኪስ ላይ ቆሞ ርኅሩኅ መሆን ቀላል ነው። ይህን ስላት አልወደደችልኝም።

ማሳረፍም ቢሆን መንገድ አለው። ፈረሱ ቢያንስ 120 ቀን ካረፈ ባለቤቱ ለመጀመሪያው መመለሻ ውድድር ብቻ ክሌም እንዳይደረግበት መጠየቅ ይችላል፤ ከማረፉ በፊት መጨረሻ ከተወዳደረበት ዋጋ በታች እስካላስገባው ድረስ። ደንቡ ይህን ያመጣው ሰዎች ፈረሳቸውን እንዲያሳርፉ ለማበረታታት ነው። የፓርኪንጉ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን የከፈተው ይህን ሲሰማ ነው። ሜዳ ላይ ለቅቆ የሚያውል እርሻ ከአሠልጣኝ ቤት በጣም ይረክሳል። እሱና ሲስተር ሊያሳርፉት ተስማሙ። ሹፌሩ «ድርሻዬን ስጡኝና እኔ ልውጣ» አለ።

በስንት? ሲስተር ታማሚ ፈረስ ነው አለች። ሹፌሩ የ10 ሺህ ፈረስ ነው አለ። ቡናው ሦስተኛው ላይ ደረሰ፤ ከውጭ የጥምቀቱ ጭፈራ መስኮቱን እያንቀጠቀጠው ነው።

ዳኛው ያን ጊዜ ያደረጉትን ነገር እስከዛሬ አደንቀዋለሁ። «የጠቅላላ ፈረሱን ዋጋ አንተ ቁረጥ» አሉት ሹፌሩን። «በቆረጥከው ዋጋ ወይ እነሱ ያንተን ሲሶ ይገዛሉ፣ ወይ የነሱን ሁለት ሲሶ ለአንተ ይሸጣሉ። ምርጫው የነሱ ነው።» ከፍ ቢያደርገው ታማሚ ፈረስ በውድ ይታቀፋል። ዝቅ ቢያደርገው ድርሻው በርካሽ ይሄዳል። ክሌም ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ እዚህ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ጉልበቱን አይቷል።

ሹፌሩ ብዙ አሰበ። ካልኩሌተር አወጣ፣ መልሶ ከተተው። «3 ሺህ» አለ።

«ለማያውቀው ሰው ግን 5 ሺህ» አሉ መቶ አለቃ።

«ባሰብነው ሜዳ ከ5 በታች ውድድር የለማ አባባ» አለ ሹፌሩ። መልሱ ስህተት አልነበረበትም፤ ግን ጆሮው ቀልቷል።

ሲስተርና የፓርኪንጉ ሰው አንድ ሺህ ዶላሩን ከፈሉት። ሽማግሌዎቹ እንዲሳሳሙ አደረጉ፣ መቶ አለቃ መረቁ፣ እንጀራ ቀረበ።

አሜሪካ ተመልሰው ፈረሱን ራጅ ሲያስነሱት የተገኘው የጠረጠርኩት ነው፤ ከጉልበቱ አጥንቶች አንዱ ጠርዙ ተሰንጥሯል። እዚያ ያለው ሐኪም በቀዶ ጥገና ማውጣት ይቻላል፣ ወደ ውድድር ለመመለሱ ግን ማረጋገጫ የለኝም አላቸው። ወጪውን አስልተው ተዉት። ወራት ካረፈ በኋላ ዳግም እንዳይወዳደር በጽሑፍ አስፈርመው ለአንድ የግልቢያ ትምህርት ቤት ሰጡት። ከገንዘብ አንጻር ሁለቱም ከስረዋል፤ ሲስተርም አልደበቀችውም። «በ5 ሺህ ብንሸጠው ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ግን አልሸጠውም» ብላኛለች።

ሹፌሩ አልተወም። ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር አዲስ ሽርክና ገብቶ 8 ሺህ ዶላር ይዞ ሳጥኑ አጠገብ ይዞራል። ሰሞኑን ከውድድር በፊት ሲዞር የተቀረጸ ፈረስ በቴሌግራም ላከልኝና «ዶክተር፣ ራሱን ይነቀንቃል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። በእርምጃ ብቻ የተቀረጸ ስለሆነ ማወቅ አይቻልም አልኩት። «እንግዲያው ወረቀቱን ልሙላ ወይስ ይቅር?» አለኝ። ባለቤቱ ያውቃል፣ እሱን ጠይቀው ብዬ ጻፍኩለት፤ የሳቅ ምልክት ላከልኝ።